ጋሽ ቱሉ የማሯት ሽጉጥ

የጋሽ ቱሉን ሞት የሰማሁት ቢሮ ተቀምጬ መዝገብ ስደረድር ነው። የደወለልኝ የድሮው ሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። «ጋሽ ቱሉ አርፈዋል። ቀብራቸው ነገ በስድስት ሰዓት ልደታ ማርያም ነው» አለኝ። ቀጠለና፣ «ለሐጂ ሰይድስ ማን ይንገራቸው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የሐጂን ቁጥር አውጥቼ፣ ሳልደውል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ሁለቱ በአንድ አጥር የሚዋሰኑ ጎረቤቶች፣ ወንድማማች የሚባሉ ወዳጆች ነበሩ። ከተነጋገሩ ግን አሥር ዓመት አልፏቸው ነበር።

ጋሽ ቱሉ ከአምቦ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ በወጣትነታቸው ወጥተው ጦር ሠራዊት የገቡ፣ ሃምሳ አለቃ የደረሱ ሰው ናቸው። ሥራቸው ውጊያ ሳይሆን የተበላሸ መሣሪያ መጠገን ነበር። ጠመንጃ ይፈቱና ያጸዳሉ፣ የላላውን ያጠብቃሉ፣ የተሰበረውን ይተካሉ። ደርግ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን ልደታ ወደሚገኘው ቤታቸው ተመለሱና አብነት አካባቢ አንድ የብረታ ብረት ቤት ተቀጥረው በርና መስኮት መበየድ ጀመሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም።

በጣታቸው ወደ ሰው ጠቁመው አያውቁም። «እዚያ ያለው ሰውዬ» ማለት ሲፈልጉ እንኳን በአገጫቸው ያመለክታሉ። መሰርሰሪያ ይዘው ከሰው ጋር የሚያወሩ ከሆነ ጫፉ ሁልጊዜ ወደ መሬት ነው። አንድ የገና ሰሞን ታናሽ ወንድሜ የፕላስቲክ ሽጉጥ ተገዝቶለት ግቢ ለግቢ ሲሯሯጥ አገኙት። ተቀበሉትና ወደ መሬት አዙረው፣ አገላብጠው አዩት።

«ባዶ መሆኑን ሳታይ ሰው ላይ አትደግን» አሉት።

«ጋሽ ቱሉ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው።»

«እሱ ፕላስቲክ ነው። እጅህ ግን ፕላስቲክ አይደለም። እጅ የለመደውን ነው የሚያደርገው።»

ስለ መሣሪያ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚሏት አንዲት ነገር ነበረቻቸው። «ብረት ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም» ይላሉ። «ወይ ዝገት ይበላዋል፣ ወይ እሱ ሰው ይበላል።»

በዚያን ጊዜ ከተማው በመሣሪያ ተጥለቅልቆ ነበር። የተበተነ ወታደር ክላሽንኮቭ ለዳቦ ይሸጥ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፤ በየቤቱ አልጋ ሥር፣ በየቆጡ ብረት ነበር። ሠርግ ሲሆን ይተኮሳል፤ የግንቦት ልደታ ሲመጣ ይተኮሳል። እኛ ጓሮ ያለ አንድ ጎረምሳ በአጥር ጠብ የአጎቱን ልጅ ጉልበት በጥይት ሰባብሮት ዕድሜ ልኩን አንካሳ አድርጎታል። እንዲህ ባለበት ሰዓት ነው መሣሪያ ያለው ሁሉ ለቀበሌ ያስረክብ የሚል ትእዛዝ በድምፅ ማጉያ የተነገረው። ሰው ፈራ። ያስረከበ ይታሰራል የሚል ወሬም ነበር። ጋሽ ቱሉ ማንም ሳያዛቸው ቀበሌ ሄደው፣ «ጥይት ማውጣት የማይችል ሰው ይዞ ሲመጣ አደጋ ይደርሳል፤ እኔ ልርዳችሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ከሥራ ሲወጡ በየቤቱ እየዞሩ ሰዉን ያግባቡ ነበር። ሰዉ ቀበሌውን ባያምን እሳቸውን ያምናል።

ሐጂ ሰይድን ሊያግባቡ የመጡ ዕለት እኔ እዚያው ቤት ነበርኩ። የሐጂ ልጅ ከዲጃ የክፍል ጓደኛዬ ስለነበረች አብረን እናጠና ነበር። ሐጂ ከወሎ መጥተው በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የኖሩ ሰው ናቸው። ከአባታቸው የወረሷት፣ በንጉሡ ጊዜ ፈቃድ የወጣላት አንዲት ሽጉጥ ነበረቻቸው።

«ቱሉ፣ ሌባውም ያስረክባል?» አሉ ሐጂ።

«አያስረክብም።»

«ታዲያ?»

«ሌባ ሽጉጥ ከፋብሪካ አይገዛም። ካንተ ይሰርቃል፣ ከኔ ይሰርቃል። እኛ ጋ ከሌለ ከየት ያመጣል?»

«ከሌላ ሰፈር ያመጣላ።»

«እዚያም እንደኔ የሚዞር ሰው አይጠፋም።»

ሐጂ ሳቁ። «እንዳንተ ያለ ሞኝ በየሰፈሩ ካለማ ጥሩ ነው። እሺ፣ ቤቴን በምን ልጠብቅ?»

«በር እሠራልሃለሁ» አሉ ጋሽ ቱሉ።

ሐጂ ሽጉጧን አስረከቡ። ጋሽ ቱሉም ቃላቸውን ጠብቀው ባለ ሁለት ተከፋች የብረት በር፣ መመልከቻ ቀዳዳ ያለው፣ በዓይነቱ በሰፈሩ የመጀመሪያ የሆነ በር ሠርተው በእጃቸው ተከሉላቸው። የሐጂ ማስረከብ ሌላውንም አመጣ። «ሐጂ ካስረከቡ እኔ ምን ይዤ ልቀር» እያለ ሰዉ በጆንያ ጠቅልሎ ይዞ ይወጣ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ደህና ዓመታት መጡ። ይህን መካድ አልችልም። የሠርግ ተኩስ ቀረ። ጠብ ቢነሳ በዱላና በድንጋይ ሆነ፤ የተፈነከተ ተሰፍቶ በሳምንቱ ይታረቃል። ጋሽ ቱሉ አንዳንድ ጊዜ ማታ ማታ ደጃፋቸው ላይ ቆመው መንደሩን ያዳምጡና፣ «ሰማሽ? ምንም የለም» ይሉኛል። ደስ ሲላቸው ያየኋቸው እንዲህ ባለው ጊዜ ብቻ ነው።

የሐጂ ልጅ ጀማል የተገደለው ከዲጃ ልትዳር ሳምንት ሲቀራት ነው። እሱ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ከአባቱ ጋር ሱቅ ይውል ነበር። ጊዜው የመግሪብ ሰዓት ነበር፤ ሐጂ ውስጥ ይሰግዳሉ። በሩ ተንኳኳ። ጀማል በመመልከቻው ሲያይ አንድ ወጣት ቆሟል። «ከሱቅ ነው፤ ዕቃ አድርስ ተብዬ ነው» አለው። ከፈተለት። ሦስት ሆነው ገቡ። የሠርጉን ወርቅ ነው የፈለጉት። ጀማል የአንዱን አንገት አነቀ፤ ሌላው ተኮሰ። እኔ ቤታችን ሆኜ ድምፁን ሰምቼ ቆርቆሮ የወደቀ ነው የመሰለኝ። ጋሽ ቱሉ ግን ከሥራ እየተመለሱ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ያን ድምፅ የሚሳሳቱ ሰው አልነበሩም። ሮጠው ገቡ። ስንደርስ ጀማልን ታቅፈው፣ የከዲጃን ነጠላ ቁስሉ ላይ ተጭነው አገኘናቸው። ታክሲ አስቁመን ጫንነው። ሆስፒታል ሳይደርስ ጉልበታቸው ላይ አለፈ።

ለቅሶው ላይ ሰው የሚያወራው አንድ ነገር ነበር። «ያቺ ሽጉጥ ቤት ውስጥ ብትኖር ኖሮ…» ይላሉ። ጋሽ ቱሉ እዚያው ተቀምጠዋል። ማንም ወደሳቸው አያይም፤ ሁሉም ግን ለሳቸው ነው የሚናገረው። በመጨረሻ ሐጂ ቀና ብለው፣ «ተዉ። ቱሉ በክፋት አላደረገውም። ሽጉጧ ብትኖርስ እኔ ሱጁድ ላይ ነበርኩ» አሉ። ወሬው ተቋረጠ። ጋሽ ቱሉ ግን በዚያ አልዳኑም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ደጃፍ ላይ ቆመው አይቻቸው አላውቅም።

ገዳዮቹ በወሩ ተያዙ። ክሱ የታየው ልደታ ፍርድ ቤት ነው። እኔ ያኔ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ነበር። በየቀጠሮው ሐጂና ጋሽ ቱሉ አብረው ይመጣሉ፤ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ቀጠሮ ሲለወጥ አብረው በእግር ይመለሳሉ። በምሳ ሰዓት ሳያቸው ሁለት የአንድ አባት ልጆች ይመስሉኝ ነበር።

ማስረጃ የሚሰማበት ዕለት ዐቃቤ ሕጉ ገዳዩ የተኮሰበትን ሽጉጥ አውጥቶ ለችሎቱ አሳየ። እኔ መዝገብ ላቀርብ ገብቼ ስለነበር የጋሽ ቱሉን ፊት አየሁት። ያን ጊዜ ነገሩ አልገባኝም፤ የጀማልን ደም ያስታወሳቸው መስሎኝ ነበር። ችሎቱ እንደተነሳ መስኮቴ ጋ መጡ።

«ልጄ፣ ያልተጠራ ሰው መመስከር ይችላል?»

«ስለ ምን ጉዳይ ነው፣ ጋሽ ቱሉ?»

«ያቺን ሽጉጥ አውቃታለሁ። እጀታዋን ከወይራ እንጨት ጠርቤ የሠራሁላት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ነገሩኝ። ሽጉጧ የእህታቸው የእትዬ አስካለ ባል ንብረት ነበረች። እትዬ አስካለ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚኖሩ ታላቅ እህታቸው ናቸው፤ ባላቸው ሰሜን ጦር ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። ሬሳው አልመጣም፤ ልብሱ እንኳን አልመጣም። ከሱ የቀረቻቸው ቤት ትቷት የሄደው ሽጉጥ ብቻ ነበረች። ጋሽ ቱሉ ያኔ በየቤቱ ሲዞሩ እሳቸውም ቤት ሄደው ነበር። እትዬ አስካለ ሽጉጧን በባላቸው ሸሚዝ እንደተጠቀለለች አቅፈው አለቀሱ። «ሰው መቅበሪያ ጉድጓድ አለው፤ እኔ ምን አለኝ? ይቺን ከወሰድክብኝ ምን ይቀረኛል?» አሉ። ጋሽ ቱሉ ጥይቶቹን አውጥተው ወሰዱና ሽጉጧን ተዉላቸው። ጥይት የሌላት ሽጉጥ ብረት ናት ብለው ራሳቸውን አሳመኑ። የቀረው የታወቀው ቆይቶ በምርመራ ነው፤ ከዓመታት በኋላ እትዬ አስካለ ቤት ተከራይቶ የነበረ ወጣት ሳጥኑን ሰብሮ ሽጉጧን ይዞ ጠፋ። እትዬ አስካለም ወንድማቸው እንዳይቆጣ ብለው ለማንም ሳይናገሩ ቀሩ። ወጣቱ ሽጦ፣ የገዛውም ሽጦ፣ በመጨረሻ የሐጂ በር ላይ ደረሰች።

ያልኳቸውን ዛሬም አልረሳውም። «ጋሽ ቱሉ፣ ይተዉት። ሰዎቹ አምነዋል፤ ምስክርም ሞልቷል። የርስዎ ቃል ፍርዱ ላይ የሚለውጠው ነገር የለም» አልኳቸው።

«ፍርዱን አይለውጥም» አሉ። «ሐጂ ግን ይህን ሳያውቅ እየወደደኝ መኖር የለበትም።»

ምርር ብሎኝ፣ «ሕጉን ያወጡት እርስዎ አይደሉም!» አልኳቸው።

«አላወጣሁትም። ግን በሰው ቤት እየገባሁ ያስፈጸምኩት እኔ ነኝ። እህቴ ቤት ስደርስ ብቻ ነው የቆምኩት።»

በቀጥታ ወደ ግቢው ወጡ። ሐጂ አጥሩ ሥር ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቋቸው ነበር። ምን እንደሚሆኑ ስላሳሰበኝ ተከተልኳቸው። ጋሽ ቱሉ ቆመው፣ አንድም ነገር ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ሐጂ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። 

«የኔን ወሰድክ» አሉ በመጨረሻ። «የእህትህን ተውክ።»

ሐጂ በትራቸውን ይዘው ተነሱና ብቻቸውን በበሩ ወጡ። ሁለቱ ሰዎች እኔ እስከማውቀው ድረስ ከዚያ በኋላ ተነጋግረው አያውቁም።

ጋሽ ቱሉ መሰከሩ። ዳኛው ጥቂት ጥያቄ ጠየቋቸው።

«ያኔ ይህን መሣሪያ ለምን አላስረከቡም?»

«እህቴ ናት፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«የሌሎቹን ሰዎች ግን አስረክበዋል።»

«ሌሎቹ እህቴ አልነበሩም።»

ገዳዮቹ ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። እትዬ አስካለም ተጠርተው አራት ቀን ጣቢያ አደሩ፤ በዕድሜያቸው ምክንያት በዋስ ተለቀቁና ጉዳዩ በዚያው ቀረ። እሳቸው ግን በዚያው አልተዉትም። «በሬሳዬ ላይ እንዳይቆም» ብለው ተናዝዘው፣ ወንድማቸውን ሳያናግሩ ሞቱ። ጋሽ ቱሉ ቀብራቸው ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ መንገዱ ማዶ ቆመው ነው የሸኟቸው።

ሐጂ በሩን ይቀይሩታል ብለን ነበር። አልቀየሩትም። ጋሽ ቱሉ ጠዋት ጠዋት በዚያ በር ፊት ለፊት ያልፋሉ፤ ሐጂ ደጅ ከሆኑ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፤ ሐጂ ወደ ቤት ይገባሉ። በየቀኑ እንዲያ ነበር። ጋሽ ቱሉ መንገድ መቀየር ይችሉ ነበር፤ አልቀየሩም። የሚሠሩበት ብረታ ብረት ቤት ሲዘጋ አንድ ድርጅት በጥበቃነት ሊቀጥራቸው ፈልጎ ነበር። ጠመንጃ እንደሚይዙ ሲነገራቸው ምክንያት ሳይሰጡ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የሚኖሩት የተሰበረ ማጠፊያ እየጠገኑ፣ የላላ ቁልፍ እያጠበቁ ነበር።

አንድ ጊዜ ወረዳው ስለ መሣሪያ ምዝገባ ነዋሪውን ሰብስቦ ነበር። ስብሰባውን የሚመራው ወጣት የድሮውን ታሪክ ከሰው ሰምቶ ኖሮ፣ «ልምድ ያላቸው አባት አሉን፤ ይናገሩ» ብሎ ጋሽ ቱሉን አስነሳቸው። የኋለኛው ወንበር ላይ የነበረ አንድ ሰው ቀደም አለና፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩን። ያ ሁሉ መሣሪያ ተሰብስቦ ወንጀል ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም?» ሲል ጠየቃቸው።

ጋሽ ቱሉ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ያዙ። ድሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጡም ነበር፤ እኔም ጠብቄ ነበር።

«ሽጉጥ ቢኖር ኖሮ የሚሞቱ፣ ባለመኖሩ ሳይሞቱ የቀሩ ሰዎች ይኖራሉ» አሉ። «ዛሬ እዚሁ አዳራሽ ተቀምጠው ይሆናል። እኔ ግን አላውቃቸውም፤ እነሱም ራሳቸውን አያውቁም። እኔ የማውቀው የሞተውን ነው።»

ተቀመጡ። ወጣቱ ሰብሳቢ አመሰገናቸውና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሄደ።

ሰፈራችን ሲፈርስ ሁላችንም ተበተንን። ጋሽ ቱሉ ከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ደረሳቸው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅኳቸው። በሁለተኛው ጊዜ ከስተው ነበር፤ ደረጃውን መውረድ ትተዋል።

«አንቺ መዝገብ ቤት ነሽ» አሉኝ። «በጥይት የሞተ ሰው መዝገብ አሁን በዛ ወይስ አነሰ?»

«መዝገቡ የሚቀመጠው በቁጥርና በዓመት ነው፣ ጋሽ ቱሉ። ሰውዬው በምን እንደሞተ ለይተን አናስቀምጥም።»

«አታስቀምጡም» አሉ ለራሳቸው። ሌላ አልጠየቁኝም። ስወጣ እንደ ልማዳቸው በአገጫቸው ደረጃውን አመለከቱኝና፣ «ቀስ ብለሽ ውረጂ፣ መብራት የለውም» አሉኝ። ከሳቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። መሞታቸውን ጎረቤት ያወቀው በሁለተኛው ቀን ነበር።

ለሐጂ ደውዬ ነገርኳቸው። «ኢና ሊላሂ» አሉና ስልኩን ለከዲጃ ሰጧት። ቀብር ላይ አልመጡም። በሣልስቱ ግን፣ ኮንዶሚኒየሙ ሜዳ ላይ ከተተከለው ድንኳን ውስጥ ጥቂት ሰው ተቀምጦ ሳለ፣ በከዲጃ ክንድ ተደግፈው ገቡ። በጣም አርጅተዋል። ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሊሄዱ ሲሉ ከዲጃን፣ «አንቺ ቅደሚ» አሏትና እኔን ወደ ድንኳኑ ጀርባ ጠሩኝ።

«አንቺ ፍርድ ቤት ነሽ፤ ታውቂያለሽ» አሉኝ። «ከጀማል በኋላ አንድ ገዝቻለሁ።»

ወዲያው አልገባኝም። «ምን ገዙ፣ ሐጂ?»

«ብረት። ከማላውቀው ሰው ነው የገዛሁት። ፈቃድ የለውም። አንድ ቀን ተኩሼበት አላውቅም፤ ግን ካለሱ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ በልብስ ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ። ከዲጃም አታውቅም።» ትንፋሻቸው ቆረጥ ቆረጥ ይላል። «ለቱሉ ልሰጠው አስቤ ነበር። ዘንድሮ እሄዳለሁ፣ ለከርሞ እሄዳለሁ ስል እሱ ቀደመኝ። እሱ ነበር የሚያውቅበት። አሁን ለማን ነው የሚሰጠው?»

ሕጉ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ጣቢያ ይሂዱ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ከማን ገዛህ ይባላሉ፣ ለምን እስካሁን ደበቅክ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ አልፏል። እትዬ አስካለ ጣቢያ ያደሩባቸው አራት ቀናት ትዝ አሉኝ።

«ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

ይህ ከሆነ ስምንት ወሩ ነው። ማንንም አልጠየቅኩም። ሐጂ አሁን የሚኖሩት ከከዲጃ ጋር ነው። ከዲጃ ሁለት ወንዶች ልጆች አሏት፤ ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው። የሚተኙት አያታቸው ክፍል ውስጥ ነው።